ካልጮኸ ግባ

መብራት ተመልሶ ሲመጣ በትንሿ ስክሪን ላይ የወጣው ቁጥር 65535 ነበር። ካሌብ የያዘውን የሻይ ብርጭቆ ሳያስቀምጥ ጎንበስ ብሎ ደግሞ አነበበው። መብራት ከመሄዱ በፊት እዚያው ቦታ ላይ 600 ይል ነበር። ያንን ስድስት መቶ ራሱ አስገብቶ፣ «ተመዝግቧል» የሚለውን መልእክት አይቶ ነው ሻይ ሊቀዳ የተነሳው።

ሽቦውን ነቅሎ መልሶ ሰካው። 65535።

«መብራት መጣ?» አለች እህቱ ርብቃ ከጓዳ።

ካሌብ ዓይኑን ከስክሪኑ አላነሳም።

«አንተን እኮ ነው። ፍልሰታን እንደሆነ አልጾምክ፤ አፍህን ምን ጾም አስያዘው?»

ካሌብ ብርጭቆውን አስቀመጠና ላፕቶፑን ወደ ራሱ ሳበ። ጠረጴዛው ላይ የተዘረጋችው ከመዳፍ የማትበልጥ የኤሌክትሮኒክስ ሰሌዳ በስማዳ መንገድ ላለ አንድ መሻገሪያ የተዘጋጀች ናት። አምሳያዋ ግን ግራር ውሃ ከተባለው ወንዝ ዳር እንጨት ላይ ተሰቅላ ሥራ ከጀመረች ከርማለች። ሥራዋ ቀላል ነው። ወደ ወንዙ በወረደ ቧንቧ ውስጥ ያለው መለኪያ የውሃውን ከፍታ ይነግራታል፤ ከፍታው ከተሰጣት ልክ ሲያልፍ ጡሩንባ ታስጮኻለች። ኃይል የምታገኘው በፀሐይ ከሚሞላ ባትሪ ነው፤ ስትሠራ አረንጓዴ መብራት ታበራለች። ግራር ውሃ ድልድይ የለውም። ክረምት በገባ ቁጥር ከደጋው የሚወርደው ደራሽ ጎርፍ፣ እታች ሰማዩ በጠራበት ቀን ሳይቀር፣ ከዓርብ ገበያ የሚመለስ ሰው ይወስድ ነበር። ጡሩንባው ከተተከለ ወዲህ ማንንም አልወሰደም። ሰዉም ደንቡን አሳጥሮ፣ ለልጆቹ በሚመች መንገድ ይዞታል፦ ከጮኸ ተመለስ፣ ካልጮኸ ግባ።

ባለፈው ሳምንት ሴቶቹ ቅሬታ አቀረቡ። መሻገሪያው አጠገብ በተደረገው ስብሰባ፣ ጡሩንባው የሚጮኸው ዘግይቶ ነው አሉ። ሽንኩርትና በርበሬ የምትነግደው ካሣነሽ ከሁሉም አፍ ነጥቃ ተናገረች። «ይኸ ልክ የተለካው በማን ቁመት ነው? ለእናንተ ጭን ሲሆን ለእኔ ወገብ ነው። እኔ ደግሞ ጀርባዬ ላይ ሸክም አለብኝ።» ወንዶቹ ሳቁ። ካሌብ አልሳቀም፤ ስምንት መቶ ሚሊሜትር የነበረውን ልክ እዚያው ቆሞ ስድስት መቶ አደረገው። በማግሥቱ ውሃው ሲሞላ ጡሩንባው ቀደም ብሎ ጮኸ። ካሌብ ከጀርመን ከተመለሰ ጀምሮ እንደዚያ ቀን ልቡ ሞልቶ ወደ ንፋስ መውጫ ተመልሶ አያውቅም። ሻንጣውን እንኳ ጨርሶ ያራገፈው ያን ዕለት ማታ ነው።

ርብቃ እጇን በፎጣ እያደረቀች መጣች።

«ምን ሆነሃል? ፊትህ ልክ አይደለም።»

«ግራር ውሃ ያለው ጡሩንባ አይጮኽም።»

«ማን ነገረህ?»

በጣቱ ስክሪኑን አሳያት።

«እስቲ ለእኔም ይግባኝ። የሰባተኛ ክፍል ሒሳብ የማስተምር ሰው ነኝ።»

«ቺፗ ውስጥ መብራት ቢጠፋም የተጻፈበትን የማይረሳ ቦታ አለ፤ ፍላሽ ይባላል። የድሮዋ ቺፕ ሁለት ሁለት ባይት ተቀብላ ትጽፍ ነበር። እሷ ከገበያ ስትጠፋ አዲሷን ገዛሁ። አዲሷ ስምንት ባይት አንድ ላይ ካልሰጧት አትጽፍም። እሱም ከየትም አይጀመርም፤ ከዜሮ፣ ከስምንት፣ ከአሥራ ስድስት እያለ በሚሄደው ቦታ ላይ ብቻ ነው።»

«ሳይሞላ እንደማይነሳ ሚኒባስ።»

«አዎ፤ ከመናኸሪያ ውጪ ሰው የማይጭን ሚኒባስ። እኔ የልኩን ቁጥር፣ ሁለት ባይት ብቻ፣ ይዤ አሥራ ሁለተኛው ላይ፣ መንገድ መሐል ቆሜ እጄን አነሳሁ። ጥሎኝ ሄደ።»

«ጥሎህ ሲሄድ አላየህም?»

«ቺፗ የስህተት ምልክት ታወጣለች። የእኔ ፕሮግራም ምልክቱን ዞር ብሎ አያይም። ቢጻፍም ባይጻፍም ‹ተመዝግቧል› ይላል።»

«እንዲህ በል ያለው ማን ነው?»

«እኔ።»

ርብቃ ወንበር ስባ ተቀመጠች። «ካልተጻፈ ታዲያ ዜሮ ይሆናል እንጂ ይኸ ሁሉ ቁጥር ከየት መጣ?»

«አዲስ ከመጻፉ በፊት አሮጌው ይጠፋል። ፍላሽ ሲጠፋ ደግሞ ዜሮ አይሆንም፤ በሙሉ አንድ፣ አንድ፣ አንድ ነው የሚሆነው። እዚያ ውስጥ ባዶ ማለት ትልቁ ቁጥር ማለት ነው። ውሃው ስልሳ አምስት ሜትር እስኪደርስ ዝም በል ብዬዋለሁ።»

«ስልሳ አምስት ሜትር» አለች ርብቃ ቀስ ብላ። «የደብሩን ጉልላት ይውጣል እኮ።» ከዚያ እንደገና አሰበችና፣ «ልኩን በቀየርክ በማግሥቱ ጮኸ አላልከኝም?» አለች።

«ኃይል እስካልተቋረጠ ድረስ በሥራ ላይ ያለው ቁጥር ትክክለኛው ነው። ጠፍታ ስትነሳ ነው ከፍላሹ የምታነበው።»

ይህን ሲናገር የትናንቱ ስልክ ትዝ አለው። የመሻገሪያው ኮሚቴ ሰብሳቢ ቄስ ተክለ ማርያም ደውለው፣ «ልጄ፣ ደመናው ከብዶ አረንጓዴዋ መብራት ጠፍታ አድራ ነበር፤ ረፋድ ላይ ፀሐይ ብልጭ ሲል በራች፤ ደህና ናት?» ብለውት ነበር። እሱም ከቺፗ ይልቅ ስለ ባትሪው እያሰበ፣ «ከበራች ደህና ናት፣ አባ» ብሎ መልሶላቸዋል።

ደወለ። የተቀዳ የሴት ድምፅ ደንበኛውን ማግኘት እንደማይቻል ነገረው። ደግሞ ደወለ።

«ፍልሰታ አይደለም እንዴ?» አለች ርብቃ። «ቅዳሴ ሳይወጡ ቄሱን ከየት ታገኛቸዋለህ? ቢወጡስ፣ እዚያ ሸለቆ ውስጥ ኔትወርኩ የሚገኘው ዳገቱ ላይ ሲወጣ ነው።»

«ዛሬ ዓርብ ነው።»

«ዓርብ ነው» አለች እሷም። ተነስታ የላፕቶፑን ቦርሳ አቀበለችው።

*

ገብሬ ሞተሩን ከመናኸሪያው ፊት ለፊት ካለው ጎሚስታ አስነስቶ መጣ። የዓርብ ገበያን መንገድ እንደ ጓሮው የሚያውቅ፣ ቀልድ የማያልቅበት ጎልማሳ ነው።

«ኢንጂነር፣ እንብረር ወይስ እንድረስ?» አለ።

«ሁለቱንም።»

ገብሬ የካሌብን ፊት አየና ሌላ ቀልድ አልጨመረም።

መንገዱ ጭቃ ነበር። ከደጋው ወደ ታች በወረዱ ቁጥር አየሩ ይሞቃል፤ በግራና ቀኝ ያለው ገብስ ዝናብ ጠግቦ ተኝቷል። ካሌብ ቦርሳውን በሆዱና በገብሬ ጀርባ መካከል አጣብቆ ይዞ ጀርመን የሠራባቸውን ዓመታት አሰበ። እዚያ ልብስ የሚያደርቅ ማሽን ውስጥ የምትገባ ቺፕ ነበር ፕሮግራም የሚጽፍላት። ሲሳሳት የአንድ ሰው ሸሚዝ ሳይደርቅ ያድራል። ሥራው ከንቱ ሆኖበት፣ አገሬ ብሠራ ለሰው ሕይወት እበጃለሁ ብሎ ነው ሁሉን ትቶ የመጣው። ከመጣ በኋላም አልረጋም፤ ጠዋት ጠዋት መመለስ ያምረዋል፣ ማታ ማታ ይተወዋል። ለሰው ሕይወት መብጀት ማለት በሰው ሕይወት ላይ እጅ ማስገባት እንደሆነ ግን እስከ ዛሬ አልታሰበውም ነበር። ፍላሹን የሚያነበውንና የሚጽፈውን የፕሮግራም ክፍል፣ ድራይቨሩን፣ ከድሮዋ ቺፕ ወደ አዲሷ ሲገለብጥ ስሟን ብቻ ቀይሮ ነው ያለፈው። ማንበቡን ሞከረ፤ አነበበች። ስምንት መቶው ከፕሮግራሙ ጋር አብሮ የተጫነ ስለነበር መጻፉን የሚያስሞክር ምክንያት አልመጣም። የመጣው ካሣነሽ «በማን ቁመት?» ብላ የጠየቀች ቀን ነው።

«ሰኞ የዞን ሰዎች ሊመርቁት ይመጣሉ አሉ» አለ ገብሬ በነፋሱ ውስጥ ጮክ ብሎ። «በሬ ይታረዳል?»

«ጾም ነው፣ ገብሬ።»

«ለካ! ምን ዓይነት ሰዎች ናቸው በጾም የሚመርቁ?»

ካሌብ ዞር ብሎ አየ። በስተኋላቸው፣ በመጡበት አቅጣጫ፣ ደጋው በጥቁር ደመና ተከድኖ ነበር።

*

መሻገሪያው ላይ ፀሐይ ነበረች። ከገበያ የሚመለሰው ሰው ዳሩን ሞልቶታል፤ አንዳንዱ ሱሪውን እየሰበሰበ ይገባል፣ አንዳንዱ ተሻግሮ ማዶ ሸክሙን ያስተካክላል። ውሃው ከጉልበት አያልፍም። አረንጓዴዋ መብራት እንጨቱ ላይ በርታለች፤ ከእሷ በላይ የጡሩንባው አፍ ወንዙን ቁልቁል ያያል።

ካሌብ ሮጦ ሣጥኑን ከፈተ። ልክ፦ 65535። ከፍታ፦ 340። ቆሞ ሲያየው 350 ሆነ።

«አትግቡ» አለ ዞር ብሎ። ድምፁ ስላልበቃው ደገመው። «የገባችሁ ቶሎ ውጡ፣ ያልገባችሁ አትግቡ። ደጋው ላይ ዝናብ ነው።»

ሰዉ እሱን አየ፤ ከዚያ ቀና ብሎ ጡሩንባውን አየ።

ፈንታው የበቅሎዋን መቀነቻ እያጠበቀ ነበር። ጨውና ሸቀጥ ከገበያ ወደ ማዶ ቀበሌዎች እያመላለሰ የሚያድር፣ ጠጉሩ ገብስማ የሆነ ሰው ነው። «ኢንጂነር» አለ ሳይጣደፍ፣ «እሱ ዝም ብሏል፤ የምትጮኸው አንተ ነህ። ማንኛችሁን እንስማ?»

ሰዎች ሳቁ።

«እኔን ስሙኝ፣ አያ ፈንታው። ጡሩንባው ተበላሽቷል።»

«አረንጓዴዋ በርታለች እኮ። ስትበራ ደህና ናት ያልከን አንተ አይደለህም?»

«ብያለሁ። ተሳስቼ ነው።»

«የተሳሳትከው ያኔ ነው ወይስ አሁን?»

በሬዲዮ፣ በስብሰባ፣ በትምህርት ቤት ሰልፍ ላይ ሳይቀር ይህን ሕዝብ ዓይኑንና ጆሮውን ትቶ ጡሩንባውን እንዲያምን የለመነው እሱ ነው። ሕዝቡም አመነ። አሁን ያንን እምነት በሁለት ደቂቃ ጩኸት መልሶ ሊወስድ ፈለገ፤ የሚሰጠው አልተገኘም።

ካሣነሽ ሸክሟን አውርዳ ፊቱን ስታጠናው ቆየች። ከዚያ አንድ ድንጋይ አንስታ ከውሃው ከንፈር ላይ አስቀመጠችና አጠገቡ ተቀመጠች። ጡሩንባው ሳይመጣ በፊት የነበረው ልማድ ይኸ ነው፤ ቀድሞ የደረሰ ሰው ድንጋይ ያኖራል፣ የዕለቱን ውዳሴ ማርያም ይደግማል፣ ጸሎቱን እስኪጨርስ የድንጋዩ ጀርባ ካልረጠበ ይገባል። አምናና ዘንድሮ ድንጋይ ያኖረ ሰው የለም።

«ደግሞ ወደ ድሮው ተመለስሽ?» አላት ፈንታው።

«ሰውየው መልኩ ጠፍቷል። ለቀልድ ከንፋስ መውጫ ድረስ በጭቃ አይመጣም።»

«አንቺ ድገሚ። እኔ ዝናቡ ሳይደርስ ቤቴ ልግባ።» የበቅሎዋን ልጓም ያዘና ገባ።

«ገብሬ፣ ያዘው» አለ ካሌብ። ገብሬ እስኪንደረደር ግን ፈንታው ሩቅ ነበር፤ ሌሎችም ተከትለውት እግራቸውን ውሃው ውስጥ ነክረዋል። ካሌብ ወደ ሣጥኑ ተመለሰ። ከፍታ፦ 430። ላፕቶፑን ከፍቶ አዲስ ፕሮግራም ለመጫን ጊዜ የለም። ከባትሪው የሚወጣውን ሽቦ በጥርሱ ልጦ፣ ቺፗን ወደ ጎን ትቶ፣ በቀጥታ ከጡሩንባው ሽቦ ጋር አገናኘው።

ጡሩንባው ጮኸ።

ከዳር የነበሩት ወዲያው ወጡ። የሳቁትም፣ ያልሳቁትም፣ አንድ ቃል ሳይናገሩ፣ እንደተማሩት ወጡ። ፈንታው መሐል ወንዝ ላይ ነበር። ቆመ። ማዶውን አየ፣ የመጣበትን አየ። ለማዶው ጥቂት የቀረው ይመስል ነበር፤ እሱ ግን ደንቡን ያውቃል። የበቅሎዋን አፍ አዞረና ተመለሰ።

ደራሹ ድምፁን አስቀድሞ መጣ። ከዚያ ቡናማ ውሃ ግንድና ቁጥቋጦ እየገፋ ከኩርባው ወጣ። መጀመሪያ የበቅሎዋ የኋላ እግሮች ሄዱ። ፈንታው ልጓሙን አልለቀቀም። ገብሬ ከአንድ አህያ ላይ መጫኛ ፈትቶ ወረወረ፤ አልደረሰም። ሁለተኛ ሲወረውር ፈንታው በአንድ እጁ ያዘው፤ በሌላው እጁ ልጓሙን እንደያዘ ነው። «ልቀቃት» እያሉ ጮኹበት። ከዚያ የለቀቃት እሱ ይሁን ውሃው ይሁን ማንም አላየም። የበቅሎዋ ራስ አንድ ጊዜ ከአረፋው ላይ ታየ፤ ሁለተኛ አልታየም። ሰዎች መጫኛውን ተደርበው ጎትተው ፈንታውን ድንጋዩ ላይ አወጡት።

ካሣነሽ ነጠላዋን አልብሳው ትከሻውን አሸችው። ጥርሱ ይንገጫገጫል። ካሌብ ፊቱ ተንበረከከ።

ፈንታው ብዙ ቆይቶ ቀና አለ። «ዝም ብሎ ነበር፤ ገባሁ» አለ። «ጮኸ፤ ተመለስኩ። ያላችሁኝን ነው ያደረግሁት።»

በድምፁ ውስጥ ቁጣ አልነበረም። ካሌብ ቁጣ ቢኖርበት በወደደ። ባይጮኽ ኖሮ ፈንታው ማዶ ይደርስ ነበር ወይ? ከዳር የነበሩትስ ይገቡና ይወሰዱ ነበር ወይ? አንዱን ከሌላው የሚለይ መለኪያ አልነበረውም፤ ወደፊትም እንደማይኖረው ያውቃል።

*

ቄስ ተክለ ማርያም ከቅዳሴ ወጥተው ጃንጥላቸውን ተደግፈው ሲወርዱ አንዲት አሮጊት መሻገሪያው አፍ ላይ ተቀበሏቸው። «አባ፣ ጡሩንባው ባይኖር ዛሬ ስንታችን እንወሰድ ነበር» አሏቸው።

«እሱ አልጮኸም፣ እናቴ» አለ ካሌብ። «በሽቦ ያስጮህኩት እኔ ነኝ። እሱማ አይጮኽም ነበር።»

አሮጊቷ ግራ ገባቸው፤ እሱንም ጡሩንባውንም መረቁና ሄዱ።

ቄሱ የሆነውን ሁሉ ሰሙ። ፈንታው አጠገብ ሄደው ተቀመጡ፣ መስቀላቸውን አሳለሙት፣ ስለ በቅሎዋ ጠየቁት። ከዚያ ወደ እንጨቱ መጡና ካሌብ ላፕቶፑን ጉልበቱ ላይ ዘርግቶ ሲሠራ ጃንጥላቸውን ያዙለት፤ ዝናቡ እዚህም ደርሶ ነበር።

ሥራው ረጅም አልነበረም፤ ያናደደውም ይኸው ነው። ሁለቱን ባይት ወሰደ፣ ስምንት እስኪሞላ ሞላበት፣ መጻፊያውን ከአሥራ ሁለተኛው አንስቶ አሥራ ስድስተኛው ላይ አሰለፈው። ቺፗ የምታወጣውን ምልክት እንዲያይ፣ የጻፈውን መልሶ አንብቦ እንዲያስተያይ፣ ካልተስማማ «ተመዝግቧል» እንዳይል አደረገ። ጫነው። የጡሩንባውን ሽቦ ከባትሪው አላቆ ወደ ቺፗ መለሰና ስድስት መቶ ብሎ አስገባ። ባትሪውን ነቀለ፣ ጠበቀ፣ ሰካ። 600። ደግሞ ነቀለ። 600። ውሃው ገና ሙሉ ስለነበር ጡሩንባው በራሱ ጮኸ፤ እንደዚህ ትክክል ሆኖ ጮኾ አያውቅም።

ጩኸቱ ስላላነጋገራቸው ካሌብ ሽቦውን ላንድ አፍታ ነቀለው።

«ኢንጂነር» አለ ገብሬ፣ «ማዶ ያሉት ተነሱ።»

እውነትም ከማዶ ተቀምጠው የነበሩ ሰዎች ዝምታውን ሲሰሙ ብድግ ብለው ልብሳቸውን እየሰበሰቡ ነበር። ካሌብ ሽቦውን መልሶ ሰካው። ጡሩንባው ጮኸ፤ ሰዎቹ ተቀመጡ። ጣቱን ባነሳና ባሳረፈ ቁጥር የሚነሳና የሚቀመጥ ሰው አይቶ አያውቅም።

ዝናቡ አባራ። ውሃውም ከመጣበት ባልዘገየ ፍጥነት ጎደለ፤ በመጨረሻ ጡሩንባው በራሱ ጊዜ ዝም አለ። ትክክለኛ ዝምታ ነበር።

«አሁን ደህና ናት?» አሉ ቄሱ።

«ይኸኛው ስህተት ታርሟል፣ አባ።»

«እኔ የጠየቅሁህ ሌላ ነው።»

«አውቃለሁ።»

«እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ሕዝቡ ይጠይቀኛል። ተሠርቷል፣ እንደ ቀድሞው ካልጮኸ ግቡ ልበል?»

ካሌብ ጭቃውን ከጣቱ ላይ ጠረገ። «አይጥ ሽቦውን ቢበላው ዝም ይላል። ባትሪው ቢሞት ዝም ይላል። እኔ ሌላ የማላውቀው ስህተት ሠርቼ እንደሆነም ዝም ይላል። በማንኛውም መንገድ ቢበላሽ የሚናገረው አንድ ቃል ነው፤ ግባ። ሲጀመር መገልበጥ ነበረብኝ። ውሃው ደህና ሲሆን እየቆየ ይጩህ፣ ዝም ካለ ማንም አይግባ። ያኔ ሲበላሽ ሰው ይቀመጣል እንጂ አይሞትም።»

«መልካም ነው» አሉ ቄሱ፤ አሰቡበት። «ግን እኔ እሑድ የምነግረው የራሴን ደብር ሰው ነው። የማዶው አይሰማኝም። ከስማዳ የሚመጣው መንገደኛ አይሰማኝም። እሱ በአሮጌው ደንብ መጥቶ፣ ዝም ብሏል ብሎ ይገባል። አንዱን ነገር ለሁለት ሰው ሁለት ዓይነት ታደርገዋለህ።»

«ሁሉም እስኪሰማ ድረስ ታዲያ ምን ይሁን?» አለ ካሌብ።

ቄሱ ትከሻቸውን ሰበቁ። «ሰኞ ሊመርቁት ይመጣሉ» አሉ። «የሌሎቹንም መሻገሪያዎች ሥራ የሚፈቅዱት ይህን አይተው ነው ተብሏል። አንተም ለዚህ ብለህ ነው የደከምከው።»

«ይምጡ። እንጨቱን ያያሉ።»

ካሌብ ያለው ለቄሱ ወዲያው አልገባቸውም። ሲገባቸው ጃንጥላቸውን አጠፉ፤ ተዉም፣ አድርገውም አላሉትም። «ሕዝቡ በምን ይወቅ ታዲያ?» ብቻ አሉ።

«አላውቅም፣ አባ። በዚህ ግን አያውቅም።»

ካሌብ ገብሬን ትከሻህን አበድረኝ አለው። ገብሬ እንጨቱን አቅፎ ቆመ፤ ካሌብ አረንጓዴዋን መብራት አጥፍቶ ትከሻው ላይ ወጣና የጡሩንባውን ብሎኖች አንድ በአንድ ፈታ። የመጨረሻው ዝጎ ስለነበር እጁን ቆረጠው። ጡሩንባው ካሰበው በላይ ከባድ ነበር። ፈንታው ነጠላውን እንደለበሰ፣ ሳይጠሩት ተነስቶ መጣና ከታች ተቀበለው። ካሌብ ሲወርድ መልሶ ሰጠው።

ማዶ አንድ ጎልማሳ ሱሪውን እስከ ጉልበቱ ሰብስቦ፣ በትሩን ይዞ፣ ውሃው ዳር ደርሷል። አረንጓዴዋ መብራት የነበረችበትን ቦታ ይፈልጋል። ካሌብ ጮኸለት፤ የወንዙ ድምፅ ዋጠው። ጡሩንባውን በሁለት እጁ አንስቶ ከራሱ በላይ ያዘው፤ ሰውየው እስኪያየው ድረስ ክንዱ እየዛለ ያዘው።

ሰውየው ቆመ። እንጨቱን አየ፣ ጡሩንባውን አየ። ከዚያ ጎንበስ ብሎ ውሃውን ያይ ጀመር።